አራት ጣት

«ምራትሽ ክር ይዛ ቤት ስትለካ ሰማኋት። ‹ፍሪጁ ልክክ ብሎ ይገባል› ትለዋለች ልጅሽን። እንግዲህ እዚህ ቤት ካንቺ ጥግ ሌላ ምን ክፍት ቦታ አለ? በይ እወቂው ብዬ ነው።»

ባለፈው ሳምንት በመስኮት ብቅ ብላ እንዲህ ያለቻት፣ ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤቷ ናት። ሬዲዮ አንድ ከሰማች ሁለት ትጨምራለች። አሮጊቷ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ግን የሚጣፍጠው ያው የተጨመረው ነው።

ዛሬ ፍሪጁ መጣ። ነጭ በነጭ ሆኖ ሳሎኑ መሃል እንደ ሙሽራ ተገትሯል። ሬዲዮም «እንኳን ደስ አላችሁ» ልትል መጥታ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ እሷ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አዲስ ዕቃ የሚያመልጣት!

ሁለቱ ተሸካሚዎች ወደ ወጥ ቤት ገፉት። በመደርደሪያውና በግድግዳው መሃል አልገባም አለ። አዞሩት። በጎኑ ሞከሩት። እምቢ አለ።

«እንዴት አይገባም? ለክቼዋለሁ እኮ!» ምራቷ ሱቅ ይዛው የሄደችውን ቀይ የሹራብ ክር ከቦርሳዋ መዘዘች፤ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሯል። አንዱን ቋጠሮ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን መደርደሪያው ላይ ልታሳርፍ ዘረጋችው። ክሩ ረገበ። አራት ጣት ተረፈ።

ከሳሎኑ መስኮት ሥር አልጋዋ ላይ የተቀመጠችው አሮጊት ክው አለች።

ለካ የተለካው ወጥ ቤቱ ኖሯል! እሷ እኮ ወሬውን የሰማች ዕለት ምራቷ ገበያ እስክትወጣ ጠብቃ፣ ክሩን ከበር ኋላ ካለው ምስማር አውርዳ፣ አንዱን ቋጠሮ በቀሩት ጥርሶቿ ፈትታ፣ ከተረፈው ጅራት ላይ አራት ጣት አሳልፋ ቋጥራዋለች። ከጥጓ የሰፋ ይግዙ፣ አልገባ ይበላቸው፣ ወደመጣበት ይመለስ ብላ። ሳቋን እያፈነች ነበር ያሰረችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ቀና ስትል ሬዲዮ እያየቻት ነው። ሬዲዮ ክሩን አየች፣ የተረፈውን አየች፣ የጓደኛዋን ፊት አየች። ገባት።

«ቤት በሹራብ ክር ይለካል?» አለ ልጇ ሚስቱን። «ቆይ በሜትር እለካዋለሁ ብዬሽ አልነበር?»

«ያንተን ሜትር ብጠብቅ ፍሪጁን የልጅ ልጆቼ ይገዙት ነበር!»

«ምን ያጨቃጭቃችኋል? መመለስ ነዋ» አለች አሮጊቷ፣ ድምጿን አለስልሳ።

«ከሱቅ የወጣ አይመለስም ብለውኛል፣ እማዬ።»

«ወንድም፣ የት እናድርገው?» አለ አንዱ ተሸካሚ ላቡን እየጠረገ። «ወይ ደግሞ ደሞዝ ቁረጥልንና ይዘነው እንቁም።»

ሶኬት ያለው ወጥ ቤትና ከመስኮቱ ሥር ብቻ ነው። ልጇ መስኮቱን አየ። ከዚያ አልጋውን አየ። አልጋው ላይ ያለችውን ግን አላየም። መሳቢያ ከፍቶ ሜትሩን አወጣ።

«እማዬ፣ እስቲ አንዴ ብድግ በይልኝ።»

ተነሳች። ከዚያች ጥግ መንገዱ እስከ መታጠፊያው ይታያል፤ ማን ከማን ጋር እንደወጣ፣ ማን ምን ገዝቶ እንደገባ፣ ሁሉም በፊቷ ነው የሚያልፈው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይቺው መስኮት ናት።

«ይገባል» አለ ልጇ ሜትሩን እየጠቀለለ። «አልጋው ከወጣ እንዲያውም ይሰፋዋል።»

«እኔስ?»

«ሶፋው አለ አይደል? አንቺ እኮ ቦታም አትይዢ።»

«ኧረ ተው» አለች ምራቷ። «እማማ መስኮቷን ትወዳለች።»

«ዝም በይ አንቺ! ያንቺ ክር አይደል እዚህ ያደረሰን?»

ምራቷ ፊቷ ቀላ፤ ክሩን ጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። አሮጊቷ አፏን ከፈተች። ግን ምን ትበል? ክሩን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ ትበል? አፏን መልሳ ገጠመች።

ሶፋው ከውስጠኛው ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ ነው። እዚያ ለተኛ ሰው የሚታየው ሌላኛው ግድግዳ ነው።

«እስቲ ጋደም በይበት፣ ለቁመትሽ ይበቃ እንደሆን ልይ።»

ተጋደመች። ቀሚሷን እግሯ ላይ ሰበሰበች፤ እጆቿን የምታደርግበት ቢጠፋት ደረቷ ላይ አነባበረቻቸው። ልጇ ጎንበስ ብሎ የሜትሩን ጫፍ በአናቷ በኩል ያዘና እስከ ተረከዟ ሳበው።

«ጉልበትሽን አታጥፊ… ቀጥ በይ… አዎ፣ እንደሱ። ይኸው! ሁለት ስንዝር ይተርፍሻል እንዲያውም» አለ፣ ደስ ብሎት።

ተሸካሚዎቹ ፈገግ አሉ። ምራቷ ፊቷን ወደ ወጥ ቤቱ አዞረች።

«ደህና አድርገህ ለካት፣ ልጄ» አለች ሬዲዮ ከበሩ። «ለሣጥኗም ያው ልክ ነው፤ ያኔ ደግመህ አታስተኛትም።»

ሜትሩ ከልጇ እጅ አመለጠና በአሮጊቷ ገላ ላይ ሽርርር ብሎ ተጠቀለለ።