የመጋረጃ ሰፊዋ ደብተር

«ይሄን ቤት የሳልሽው ለማን ነው?»

ኣዜብ ደብተሯን ያየችው በሙሐመድዘይን እጅ ነው…

እንዴት እጁ እንደገባ ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም።

ሐምሌ 2013 ነው። ከቆቦ የሸሸ ሰው መርሳን ሞልቷታል… መድፉ ከወልድያ ማዶ ይሰማል።

ሙሐመድዘይን ከሰፈር ጠባቂዎቹ አንዱ ነው። እስካለፈው ሳምንት «እትዬ ኣዜብ፣ እንዴት አደሩ» ይላት ነበር።

ዛሬ «አንቺ» ሆናለች።

ሃያ ሁለት ዓመት መርሳ ላይ መጋረጃ ሰፍታለች… ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው ማይጨው መወለዷን ብቻ ነው።

«ለመጋረጃ ነው ልጄ። ይኸው ደጁ ላይ የቆምንበት ቤት ነው፤ የዓቢዳ።»

«ልስኑ እንኳ ያላለቀ ቤት… መጋረጃ ምን አስቸኮለው?»

«መጋረጃ ከቤቱ ጋር ነው የሚታሰበው። ኮርኒሱ ከተመታ በኋላ ዘንጉ የት ይሰቀላል?»

«ይሄ ቀስትስ?»

«መስኮቱ ወደ ውስጥ ይከፈታል ለማለት።»

«ኤክሱስ?»

«ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት… ወፍራም ገበር ይፈልጋል።»

«ወደ መንገድ የሚያይ» ብሎ ለጓደኞቹ ደገመላቸው።

ያኔ ገባት… እውነቱን በተናገረች ቁጥር ነገሩ እየከረረባት ነው።

ጠባቂዎቹ የመጡበት ፒካፕ ሞተሩን አላጠፋም። ትናንት በሱ የተጫኑት ሁለት ሰዎች የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።

«ዓቢዳ፣ ንገሪያቸው እንጂ… አንቺ አይደለሽ ያዘዝሽኝ?»

ዓቢዳ በሐዘንም በሰርግም ተለይታት የማታውቅ ወዳጇ ናት።

በሩ ላይ እንደቆመች ቀና አላለችም።

«እኔ የሰው ልብ ምን አውቃለሁ… አላህ ያውቃል።»

ኣዜብ አንድ እግሯን ፒካፑ ላይ አነሳች…

«ቆይ እስቲ» አለ አንድ ድምፅ።

ኢስሐቅ ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ግንበኛ።

ጭራሽ ተስፋ ቆረጠች። ባለፈው ሳምንት «ለዘንጉ ሃያ ሳንቲ አልተውክም» ብላ የጨረሰውን ኮርኒስ አስፈርሳዋለች። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም።

ደብተሩን ተቀብሎ ገለጠ።

«ሳሎን… ከመስኮቱ በላይ ሃያ፣ ግራና ቀኝ ሠላሳ። ይቺ ሃያ ናት ሁለት ቀን ያስለፋችኝ። ሜትሩ ይኸው፤ ገብታችሁ ለኩ።»

ገብተው ለኩ። ሰባቱም መስኮት ልክ ነው። የፈረሰው ኮርኒስም ወለሉ ላይ ተከምሯል።

«ዋስ ትሆናታለህ?» አለ ሙሐመድዘይን። «ብትጠፋ የምንጭነው አንተን ነው።»

«ሰላይ ሁሉ እንደሷ ቢጨቃጨቅ ጦርነቱ እስካሁን አይጀመርም ነበር» አለና ፈረመ።

ሙሐመድዘይን ደብተሩን ዘጋ።

ለኣዜብ ግን አልሰጣትም… አልፏት ሄዶ ለዓቢዳ ዘረጋላት።

«እንኩ እትዬ ዓቢዳ… ያመጡልን እርስዎ ነዎት።»

ጨርቁን እንድትመርጥ ብላ ትናንት ኣዜብ ራሷ ትታላት የሄደችው ደብተር ነበር።

«ቤቴ ቢያገኙት ብዬ… ፈርቼ እኮ ነው ኣዜቤ።»

ኣዜብ ከኢስሐቅ ኋላ ኋላ ሄደች… ከዓይን ብትጠፋ የሚጫነው እሱ ነው።

ወገኖቼ… ጎረቤቱን አሳልፎ የሚሰጥ ሁሉ ክፉ አይደለም። ብዙው ፈሪ ነው። ፒካፑ ላይ ለሚወጣው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

የተጣላችሁትን ሰው አትናቁ፤ ሥራችሁን ከወዳጅ ይልቅ እሱ አይቶት ይሆናል።

እናንተ ዓቢዳን ብትሆኑ ደብተሩን ምን ታደርጉት ነበር?

መልሳችሁን ጻፉልኝ… «እኔማ» ብላችሁ ግን አትጀምሩ።