የሰው አገር ሄክ

«ይኼ ምንድን ነው?» ይላል ባልየው፣ በረዶ የለበሰውን እሽግ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

«ሄክ ነዋ! ዕድሜህን ሙሉ ያጠመድከው ዓሣ ጠፋህ?» ትላለች ሚስቱ፣ ከምድጃው ፊቷን ሳትመልስ።

«የማን አገር ሄክ?»

እሽጉ ላይ የታተመው ከባሕሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ባንዲራ ነው። ሰውየው ደግሞ ገና ከአጥማጆች ስብሰባ መመለሱ ነው። የዓሣ ሀብት ቢሮው ሹም ግድግዳው ላይ መስመሮች አሳይቷቸዋል፤ የራሳቸው የአጥማጆቹ አገር የሄክ ምርት ገደል እንደገባ በሬ ቁልቁል ይወርዳል፣ የማዶዎቹ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ሹሙ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዓሣው እስኪያገግም ትንንሽ ጀልባዎች ከነገ ጀምሮ አይወጡም አለ። ጀልባዋ ለዚህ ሰው ሁለተኛ ሚስቱ ናት፤ ሚስቱን ብትጠይቋት ግን አንደኛዋ። ስብሰባው ላይ ትንፍሽ ያላለው ሰው አሁን የገዛ ጠረጴዛውን ይደበድባል።

«መርከቦቻቸው ደጃችን ድረስ መጥተው ይጠርጉታል! ከኛው ባሕር የወጣው ለነሱ ይቆጠራል፣ ማለቁ በኛ ይሳበባል! አህያውን ፈርተው ዳውላውን! አንቺ ደግሞ የሰረቁኝን መልሰሽ ትገዢልኛለሽ!»

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው እየተቆጣህ ክፈተው።»

እሽጉን በጥርሱ ይቀደዋል። ዓሣው ጭንቅላት የለውም፣ ሆዱም ተጠርጓል። ጅራቱ አጠገብ ግን አንዲት ትንሽ ሰያፍ ጭረት አለች።

ደም ማውጫ ናት። ወደቡ ላይ ከዚህ ቤት በቀር ማንም አይጭራትም፤ እሱን አባቱ አስተማሩት፣ እሱም ልጁን አስተማረ። ጓደኞቹ «ዓሣው ላይ ሊፈርም ነው» እያሉ ሲስቁበት ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ልጁ በማዶዎቹ መርከብ ላይ ሲቀጠር፣ «ለሌባ የሚያድር ልጅ የለኝም» ብሎ በሩን የዘጋበትም ይኼው ሰው ነው።

ጭረቷን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። «መቼ አወቅሽ?»

«ዓሣ አምሮኝ የምገዛ መሰለህ?» አሁን ዞራለች። «ላስቲኩን በመዳፌ እየጠረግኩ ጅራት ጅራቱን አያለሁ። ባለሱቁ ‹እትዬ፣ ሁሉም እኮ አንድ ነው› ይለኛል። ጭረቷን ያጣሁ ቀን ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ያን ቀን እንቅልፍ የለኝም።»

ሰውየው የሹሙ መስመሮች ትዝ ይሉታል። ሽቅብ የወጣው መስመር ላይ የልጁ እጅ አለበት።

«ቢሆንም ሌቦች ናቸው» ይላል በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«ናቸው» ትላለች።

በረዶው በጣቶቹ መሃል እየቀለጠ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። ዓሣውን አያስቀምጠውም። የተኛ ልጅ እግር ብርድ እንዳይነካው እንደሚሸፍን ሰው፣ ጅራቱን በመዳፉ እንደሸፈነ ቆሟል።