ለአንድ ተናጋሪ የቀረበ ሽልማት

ሽልማቱ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ይከፍላል። አጥኚዎቹ መኪናቸው ላይ ድምጽ ማጉያ ሰቅለው ሰፈሩን እየዞሩ ለፈፉ። ሞቷል የተባለውን ጥንታዊ ቋንቋ የሚናገር አንድ ሰው ከተገኘ፣ ገንዘቡ ወዲያው ይሰጠዋል።

ጫማ ሰፊው ደንግጦ በመዶሻው አውራ ጣቱን መታ።

ልጅ ሳለም የመንደሩ ሰዎች የተጠሩት እንዲሁ በድምጽ ማጉያ ነበር። «የቋንቋው ተናጋሪዎች ተመዝገቡ» ተባለ፤ የተመዘገበ ሁሉ ሄዶ ቀረ። ከመንደሩ እሱ ብቻ አመለጠ። ያን ጊዜ እናቱ፣ «ለምትንተራሰው ትራስ እንኳ እንዳትናገር» ብላው ነበር። አልተናገረም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው ለኖረችው ሚስቱም ትንፍሽ አላለም።

ምሳ ላይ ሚስቱ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ፣

«ያን ልፈፋ ሰማኸው?» አለችው።

«እኔ ከመዶሻ ሌላ ምን እሰማለሁ?»

«እንዲያው ለነገሩ... እንዲህ ያለ ሰው ብታውቅ ትጠቁም ነበር?»

«አንቺስ?»

«ገንዘቡ መቼም አይጠላም» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳቅ አይመስልም።

ሊጎርስ ያነሳውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። በእንቅልፍ ልቡ ሲያወራ ሰምታው ይሆን? ሴትዮዋ ድሮም ጨካኝ ናት። ሦስት ልጅ ስታሳድግ አንድ ቀን እሹሩሩ ብላ አታውቅም፤ ድምጿን አጥፍታ ነበር የምታስተኛቸው።

በማግስቱ ሻሿን አስራ ወጣች። በሩቁ ተከተላት። አጥኚዎቹን አስቁማ፣ እጇን እያወናጨፈች ስታስረዳቸው አየ። መኪናው ዞሮ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ።

«ከኋላ ሊመጡብኝ ነው» አለ በልቡ።

እየሮጠ ቤቱ ገባ። ልብሱንና የሥራ ዕቃውን በከረጢት ሲያጭቅ ሚስቱ ደረሰች።

«ምነው፣ ወዴት ነው?»

«ስንት ከፈሉሽ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ማን... ማን ነገረህ?»

«በዓይኔ አይቼ! የገዛ ባልሽን!»

ወደ እሷ ተራመደ። የቆዳ መቁረጫው ቢላ ከእጁ አለመውጣቱን ረስቶታል። እሷ ግን አየችው። እያፈገፈገች ሄዳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«አትግደለኝ!» ብላ ጮኸች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእሷ በደበቀው ቋንቋ።