ሽቅብ የሚወጣ ውሃ

ዶክተር ምንይችል ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ አበራው፦ «ውሃ ያለ ፓምፕ አምስተኛ ፎቅ ይወጣል?» ተማሪዎቹ ስልካቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ስልሳ ሁለት በመቶው «አዎ» አለ። በዩኒቨርሲቲው ሕግ ደግሞ ትክክለኛው መልስ ብዙኃኑ የመረጡት ነው።

«ኧረ ልጆች፣ ውሃ ቁልቁል ነው የሚፈሰው!»

«ዶክተር፣ ድምፅ ተሰጥቷል እኮ፤ ይቀበሉ እንጂ» አለች አንዷ ከፊት። ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።

ከሥራ ሲመለስ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ተያያዘው። ሕንፃውን የነደፉት ከአሥር ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ የጠየቃቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ ፓምፕ የሚባል ነገር አላስገቡበትም። አምስተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ሚስቱ እታገኝ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ያኔ ተማሪዎችህ ሲመርጡ አንተም ድምፅ ነበረህ አይደል? ምን መረጥክ?»

ምንይችል ላቡን ጠረገ። «'አዎ' ነዋ። ከተሸናፊዎቹ ጋር የመረጠ መምህር መች እድገት ያገኛል?»

እታገኝ ሁለት ባዶ ጀሪካን አስታቀፈችው።

«እኛም ከልጆቻችን ጋር ድምፅ ሰጥተናል፤ ውሃ ቀጂ ሆነህ በሙሉ ድምፅ ተመርጠሃል። የልብስ ማጠቢያው ውሃ ይቀራል፤ ውረድ!»