የምርመራው ቀን

ፒምጃይ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቷታል። ከቤቷ ወደ ሩዝ ማሳዋ፣ ከማሳዋ ወደ ቤቷ ትመላለሳለች። በዚህ የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ መንደር ያለ ኬሚካል ሊያመርቱ የተማማሉ ገበሬዎች አንዱ የሌላውን ማሳ ይመረምራል። ዛሬ ተራው የእሷ ነው፤ መርማሪው ደግሞ ማኅበሩን የመሠረቱት ሽማግሌው ሶምፖንግ ናቸው።

ሽማግሌው መጥተው ቅጠሉን እያገላበጡ፣ ጭቃውን እያሸተቱ ማሳውን ዞሩት። ምንም አላገኙም። መዝገባቸውን ገልጠው ሊፈርሙ ሲሉ ግን እጃቸው ቆም አለ።

«ልጄ፣ መድኃኒት አልረጨሽም አይደል?»

«አልረጨሁም» ልትል አፏን ብትከፍትም ቃሉ አልወጣ አላት።

«ረጭቻለሁ፣ አጎቴ» አለች። «እዚያ ጥግ ላይ። ባለፈው ወር ተምች ሲገባ የሦስት ዓመት ልፋቴ ዓይኔ እያየ ሊጠፋ ሆነ። ፈራሁ። ከማኅበሩ ይሰርዙኝ።»

ሶምፖንግ መዝገቡን ዘግተው የማሳው ድንበር ላይ ተቀመጡ።

«እኔ የረጨሁት ማሳዬን በሙሉ ነው» አሉ። «መሥራች ነው ብላችሁ አንዳችሁም መጥታችሁ አልጠየቃችሁኝም። ነገ ነይና መርምሪኝ።»