ልጆቹማ ታርቀው ነበር…

«ልጄን በጥፊ ያጮለቻት የታለች? አሁኑኑ አምጡልኝ!»

ሴትዮዋ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ቢሮ በር በርግዳ ገባች…

ፍሎሪካ ትባላለች። እዚህ ብራይላ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት።

ቢሮው ውስጥ የጠበቋት ሦስት ሰዎች ናቸው። የተማሪዎች አማካሪዋ ኦሊምፒያ፣ የፍሎሪካ ልጅ ሩክሳንድራ፣ እና ጥፊውን ያሳረፈችው ዛምፊራ።

ነገሩ እንዲህ ነው…

ዛምፊራ ፈተና ወድቃ ሽንት ቤት ተደብቃ ስታለቅስ ሩክሳንድራ በስልኳ ቀረጸቻት።

ቪዲዮውን ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ላከችው።

ዛምፊራ ስትሰማ ሮጣ መጣችና… ጧ!

ኦሊምፒያ በሳምንት አንድ ሰዓት ንዴትን ስለመቆጣጠርና ጠብን በንግግር ስለመፍታት ታስተምራለች። ያኔውኑ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

ስድብ የለም። አንዷ ስታወራ ሌላዋ አታቋርጥም።

«ሁላችሁም ስትስቁብኝ መሞት ነው ያማረኝ» አለች ዛምፊራ።

ሩክሳንድራ ይሄን ስትሰማ አለቀሰች። ክፍሉ ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ዛምፊራም ስለ ጥፊው ይቅርታ ጠየቀች።

በማግስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምሳ በሉ።

አለቀ አይደል?

ምን ያልቃል… የትምህርት ቤቱ ደንብ ነውና ወላጅ ተጠራ!

ፍሎሪካ ገና እየጮኸች የዛምፊራ አባት ደረሰ። ቪርጂል ይባላል፣ ወደቡ ላይ የክሬን ሹፌር ነው።

«ጭራሽ አንቺ ነሽ የምትጮኺው? ልጄን መሳቂያ ያደረገቻት ያንቺ ባለጌ አይደለችም እንዴ?»

«ባለጌስ አንተ! ልጅህን ዱላ አስተምረህ የላክሃት!»

«አፍሽን ዝጊ!»

«ባልዘጋስ? ምን ታመጣለህ?»

ቪርጂል ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

ፍሎሪካ የመኪና ቁልፏን ወረወረችበት… ግንባሩ ተፈነከተ።

ኦሊምፒያ «ኧረ በፈጣሪ!» ብትል ማን ይስማት?

ይሄኔ ልጆቹ ተነስተው መሃል ገቡ።

«ጋሼ ቪርጂል፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለች ሩክሳንድራ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እኛ እኮ ታርቀናል።»

ዛምፊራ ደግሞ ወደ ፍሎሪካ ዞረች። «እትዬ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ። ከዚያ አባዬ ይናገራል። ማንም ማንንም አያቋርጥም።»

ቪርጂል ወንበር ስቦ ተቀመጠ…

ኦሊምፒያ እንባዋ መጣ። ስንት ዓመት የለፋችበት ነገር ዓይኗ እያየ ሠራ!

ቪርጂል ፍሎሪካን አያት። ፍሎሪካ ቪርጂልን አየችው።

«እዚህ የሚያስተምሩልን ይሄን ነው እንዴ?» አለ ግንባሩን በመሐረብ ይዞ። «አዋቂን ተቀመጥ፣ ተነስ ማለት?»

«አልሰማህም እንጂ! ቤትም ‹እማዬ፣ ስትረጋጊ እናወራለን› ትለኛለች። ለገዛ እናቷ!»

«የኔዋም እኮ እንደዛው ናት!»

«በል ተነስ፣ ዳይሬክተሩ ጋ እንሂድ!»

አብረው ወጡ። በሩን ከፍቶ ያሳለፋት እሱ ነው!

አዎ… ታረቁ። ያስታረቃቸው ግን አስተማሪዋን በጋራ መክሰሳቸው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የኦሊምፒያ ትምህርት ተሰረዘ። ሰዓቱ ለሒሳብ ተሰጠ።

«ወላጅ ቅር ካለው ምን ላድርግ?» አላት ዳይሬክተሩ። «ደግሞ ይሄ ነገር ፈተና ላይ አይመጣም።»

«የሰውዬውን ግንባር የፈነከተው ተማሪ ነው እንዴ?» አለች ኦሊምፒያ።

«እባክሽ ስሜታዊ አትሁኚ።»

ስሜታዊ አትሁኚ!! እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ሁለቱ ልጆች ቢሮዋ ድረስ መጡ።

«ቲቸር… ምን አጠፋን?»

«ምንም» አለቻቸው።

ወገኖቼ… ልጆቻችንን «አትደባደቡ» ብለን ትምህርት ቤት እንልካለን። ተምረው ሲመጡ ደግሞ «ናቁን» ብለን እንቆጣለን። ልጅ ንዴቱን እንዲገዛ ከፈለግን፣ «ተረጋጋ» ሲለን መስማትን እኛም እንልመድ። ልጅ ተናገረው ተብሎ እውነት ንቀት አይሆንም።

እናንተስ… ተናዳችሁ እየጮኻችሁ ልጃችሁ «ስትረጋጉ እናወራለን» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ!