ከድንኳኑ ያልወጣችው

ብረት በያጁ ሚስቱን በቃሬዛ ለእርዳታ ሐኪሞቹ ካስረከበ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ኮሌራ ሰፈሩን ከያዘ ወዲህ ሐኪሞቹ ድንኳናቸውን የተከሉት ኳስ ሜዳው ላይ ነው። ባስረከባት ዕለት አንዷ ሐኪም ሚስትየዋን ስሟን ስትጠይቃት፣ የመለሰው እሱ ነበር።

ሌላው በሽተኛ በሦስት በአራት ቀኑ በእግሩ ይወጣል። እሷ ግን አልወጣችም።

በያጁ በየጠዋቱ ከፕላስቲኩ አጥር ፊት ይቆማል።

"ዳነች ወይስ አልዳነችም?"

"ደህና ናት" ትለዋለች ሐኪሟ፣ ዓይኑን ሳታይ።

"ታዲያ ስጡኛ!"

"ገና ነው።"

የላከው ምግብ ሳይነካ ይመለሳል። ሰፈሩ አዘነለት። የስንቱን በር በነጻ የበየደ፣ ጎረቤት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

በስምንተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየችና እየሮጠች መጣች።

"በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ክንዷን በጄሶ አስረዋታል!"

"ተቅማጥ ክንድ ይሰብራል እንዴ?" አለ አንዱ። ማንም አልሳቀም።

ወሬው እግር አወጣ። ደም ይቀዳሉ ተባለ፤ ኩላሊት ያወጣሉ ተባለ። ሁለት ቤተሰቦች በሽተኞቻቸውን ቤት ደበቁ። ሁለቱም በሽተኞች ሞቱ። የእነሱም ሞት በሐኪሞቹ ተላከከ።

በአሥራ አንደኛው ቀን በያጁ ብቻውን አልመጣም። ሰፈሩ ድንጋይ ይዞ ተከተለው።

"ኧረ በፈጠራችሁ! ውስጥ ሕፃናት አሉ!" አለ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ። ድንጋይ ግንባሩን ተረተረው። አጥሩ ተገነጠለ፤ የክሎሪኑ በርሜል ተገለበጠ።

ሐኪሟ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ የድንኳኑ በር ላይ ቆመች።

"ልጆቻችሁ የዳኑት እዚሁ ነው" አለች።

"ሚስቱን አምጪ፣ አንቺ አራጅ!"

በያጁ በትከሻው ገፍቷት አለፈ፤ ሐኪሟም ሮጣ ቀደመችው። ሰው ሬሳ ለማየት ተንጠራራ።

ሚስትየዋ መጨረሻው አልጋ አጠገብ ቆማለች። ፊቷ ሞላ ብሏል። በደህናው እጇ ለአንዲት ሕፃን የጨውና የስኳር ውሃ በማንኪያ ታጠጣለች።

ድንጋይ የያዙት እጆች ዝቅ አሉ።

"በይ፣ ጫማሽን አድርጊ" አላት በያጁ በለሰለሰ ድምፅ።

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። በጄሶ የታሰረ ክንዷን ከእሱ ሸሽጋ፣ ወደ ኋላ እያለች ሄዳ ከሐኪሟ ጀርባ ተወሸቀች።

"ዶክተር፣ ሞታለች ይበሉት ብዬ ለምኜዎት ነበር እኮ።"